በጨለማ የሚያቆመን ምንድን ነው?

(በቀድሞ ተማሪዎች ማኅበር የመገናኛ በዓል ላይ የቀረበ ንግግር)



አዘጋጆቹ ሲጋብዙኝ፣ «ከሙያሽ አንድ ነገር ንገሪን፤ ግን የክፍል ትምህርት እንዳይሆን፤ ግማሹ ታዳሚ ከእርሻና ከኢንጂነሪንግ ነው» ብለውኛል። ስለዚህ ሁላችንም ወደዚህ አዳራሽ ስንገባ ያደረግነውን፣ ማናችንም ግን ያላሰብንበትን ነገር ይዤ መጥቻለሁ። እሱም ሳይወድቁ መቆምና መራመድ ነው። አንጎላችን ከዓይን፣ ከጆሮና ከእግር የሚደርሰውን መረጃ አቀናጅቶ ሚዛናችንን እንዴት ይጠብቃል? የዋጫ ልጅ ስለሆንኩ ሚዛን ስል ጎረቤታችንን ሚዛን ተፈሪን የምል እንዳይመስላችሁ።

ነገሩ ቀላል ይመስላል። የዓለም ጤና ድርጅት ግን በየዓመቱ ወደ 684,000 የሚጠጉ ሰዎች በመውደቅ ምክንያት እንደሚሞቱ ይገምታል። ታስበው ካልደረሱ ጉዳቶች መካከል ከትራፊክ አደጋ ቀጥሎ ብዙ ሰው የሚገድለው መውደቅ ነው። እኛ ዘንድ አንድ ትልቅ ሰው ሲወድቁ «እርጅና ነው» ይባላል። ካርዱ ላይ «የዳሌ ስብራት» ተብሎ ይጻፋል፤ ለምን እንደወደቁ፣ መቼ እንደወደቁ፣ መብራት ይኑር አይኑር ብዙ ጊዜ አይጻፍም። ዛሬ የምናገረው ስለዚያ ስላልተጻፈው ነው።

ማር ቆራጩ

ከአገሬ ልጀምር። የካፋ ጫካ በ2010 እ.ኤ.አ. በዩኔስኮ የባዮስፌር መዝገብ የገባው በዱር ቡናው የተነሳ እንደሆነ ብዙዎቻችሁ ታውቃላችሁ። ማሩንም ታውቁታላችሁ፤ ጠጁንማ አልናገርም። በጨና ወረዳ፣ በዋጫ ዙሪያ ባለው ጫካ ባህላዊው ቀፎ የሚሰቀለው ረጅም ዛፍ ላይ ነው። ንቦቹ ሲመሽ ስለሚረጋጉ ማሩ አብዛኛውን ጊዜ የሚቆረጠው በጨለማ ነው።

እስቲ ያንን ሰው አስቡት። ግንዱ በዝናብ ርሷል፣ ጨረቃ የለችም፣ የሚያጨሰው ነገር ጭሱ ዓይኑ ውስጥ ይገባል። ዓይኑ ከሞላ ጎደል ሥራ አቁሟል ማለት ይቻላል። ግን ይወጣል፣ ቀፎውን ይከፍታል፣ ይወርዳል። ቅርንጫፉ ሲወዛወዝ ሰውነቱ ራሱ ይስተካከላል። በዚያ ሰዓት የሚያቆመው ጥንካሬው ብቻ አይደለም። ጉልበታም ሰው መረጃ ካጣ ይወድቃል።

ሦስቱ ምስክሮች

አንጎል ስለ ሰውነታችን አቋም የሚጠይቃቸው ሦስት ምስክሮች አሉት።

የመጀመሪያው የውስጠኛው ጆሮ ነው። ከመስሚያው ክፍል አጠገብ፣ በእያንዳንዱ ጆሮ ሦስት ትናንሽ ግማሽ ቀለበቶች አሉ። ውስጣቸው ፈሳሽ ነው። አቀማመጣቸው የአንድ ክፍል ወለልና ሁለት ግድግዳዎች ማዕዘን ላይ እንደሚገናኙት ስለሆነ ራሳችንን ወደየትም ብናዞር ቢያንስ አንዱ ያውቃል። ከእነሱ ሥር ደግሞ ከኖራ ድንጋይ ጋር አንድ ዓይነት ከሆነው ካልሲየም ካርቦኔት የተሠሩ ደቃቅ ጠጠሮች አሉ። ጭንቅላታችን ሲያዘነብል ጠጠሮቹ ይንሸራተታሉ፤ «ታች ወዴት ነው?» ለሚለው ጥያቄ መልስ የሚሰጡት እነሱ ናቸው።

ይህ አካል ምን ያህል ፈጣን እንደሆነ አሁን መፈተን ትችላላችሁ። በእጃችሁ ያለውን የፕሮግራም ወረቀት ከዓይናችሁ ፊት ይዛችሁ ወደ ግራና ወደ ቀኝ በፍጥነት አወዛውዙት። ፊደሉ አይነበብም። አሁን ወረቀቱን አቁማችሁ በዚያው ፍጥነት ራሳችሁን «አይሆንም» እንደሚል ሰው ነቅንቁ። ይነበባል፣ አይደል? ጭንቅላት ሲዞር የውስጠኛው ጆሮ በአንድ መቶኛ ሴኮንድ ገደማ ዓይንን በተቃራኒው አቅጣጫ ስለሚያዞረው ነው። ስንራመድ ዓለም የማይዘልብን በዚህ ምክንያት ነው።

ሁለተኛው ምስክር ከጡንቻ፣ ከመገጣጠሚያና ከውስጥ እግር ቆዳ የሚመጣው ነው። እንግሊዛዊው ቻርልስ ሸሪንግተን በ1906 እ.ኤ.አ. «ፕሮፕሪዮሴፕሽን» ያለው ስሜት ነው፤ የገዛ አካልን አቋም ማወቅ ልንለው እንችላለን። ዓይናችሁን ጨፍናችሁ አፍንጫችሁን በጣታችሁ ንኩ። ጣታችሁ የት እንዳለ ማን ነገራችሁ? በእያንዳንዱ ጡንቻ ውስጥ ርዝመቱን የሚለኩ ስፒንድል የተባሉ ቀጫጭን አካላት አሉ። የባት ጡንቻ በጥቂቱ ሲሳብ፣ ማለትም ሰውነት ወደፊት ዘንበል ሲል፣ ወሬው በሰውነታችን ውስጥ ካሉት ፈጣን ነርቮች በአንዱ ወደ ሕብለ ሰረሰር ይሮጣል። በ2021 እ.ኤ.አ. ከሁለቱ የሕክምና ኖቤል ተሸላሚዎች አንዱ የሆነው አርደም ፓታፑቲያን፣ ይህን መሳብና መጫን ወደ ነርቭ መልእክት የሚለውጡትን ፕሮቲኖች ያገኘ ሰው ነው።

ሦስተኛው ዓይን ነው። ቀጥ ያለ ነገር የትኛው እንደሆነ፣ አካባቢያችን እየቀረበ ይሁን እየራቀ ይነግረናል። ጉድጓዱን ከመግባታችን በፊት የሚያሳየንም እሱ ብቻ ነው።

አንጎል ሚዛኑን እንዴት ይለውጣል?

ሽማግሌዎች ለዳኝነት ሲቀመጡ የሁሉንም ምስክር ቃል እኩል አይወስዱም። ማን በቅርብ አየ፣ ማን ከሩቅ ሰማ ብለው ያመዛዝናሉ። አንጎልም እንደዚያው ነው። ተመራማሪዎች እንደሚገምቱት፣ ጤነኛ ሰው በቂ ብርሃን ባለበት ጠንካራ መሬት ላይ ሲቆም፣ አንጎሉ ከሚተማመንበት መረጃ 70 በመቶ ያህሉ ከእግርና ከመገጣጠሚያ፣ 20 በመቶ ያህሉ ከውስጠኛው ጆሮ፣ 10 በመቶ ያህሉ ደግሞ ከዓይን ነው። ዓይን ከሁሉ ያነሰ ድርሻ መያዙ ያስገርማል።

ይህ ድርሻ ግን ቋሚ አይደለም። ክረምት ላይ የዋጫን ጭቃ እንርገጥ። መሬቱ ከእግር በታች ይሰምጣል፣ ይንሸራተታል። ቁርጭምጭሚት የሚናገረው አይታመንም። ያኔ አንጎል የእግርን ቃል ዝቅ አድርጎ የጆሮንና የዓይንን ከፍ ያደርጋል። ሲጨልም ደግሞ ዓይንን ይተወውና ወደ ሌሎቹ ይዞራል። እኛ አናውቀውም፤ ልውጡ የሚካሄደው ሳናስብ ነው።

የአገራችን ሰው በዳገት መንገድ የሚይዘው በትርም እዚህ ላይ ይገባል። በትር የሚጠቅመው ክብደት ስለሚሸከም ብቻ ይመስለናል። ግን የጣት ጫፍ አንድን የማይንቀሳቀስ ነገር በትንሹ እንኳ ሲነካ፣ ሊደግፍ በማይችል ቀላል ንክኪ፣ የሰውነት መወዛወዝ እንደሚቀንስ በሙከራ ታይቷል። በትሩ ስለ መሬቱ ለእጅ ይናገራል፤ እጅ ለአንጎል ያደርሳል። አባቶቻችን የያዙት ተጨማሪ እግር ብቻ ሳይሆን ተጨማሪ ምስክርም ነበር።

አንጎል ደግሞ ምስክር እስኪመጣ ቁጭ ብሎ አይጠብቅም፤ ይገምታል። ቆማችሁ እጃችሁን በፍጥነት ወደፊት ስታነሱ፣ የእጅ ጡንቻ ከመሥራቱ በፊት የእግር ጡንቻ ቀድሞ ይጠብቃል፤ አለበለዚያ የእጁ ክብደት ወደፊት ይጎትተን ነበር። ሴሬቤለም የሚባለው የአንጎል ክፍል የታሰበውንና የሆነውን እያስተያየ ግምቱን ያርማል። ከጅማ ቦንጋ የሚወስደውን መንገድ በአውቶቡስ የሄደ ሰው ይህን በሆዱ ያውቀዋል። ተሳፋሪው ፌስታል ይዞ ሲያስመልስ ሹፌሩ ምንም አይሆንም። ሹፌሩ መሪውን ከማዞሩ በፊት ኩርባው ይታወቀዋል፤ አንጎሉ ተዘጋጅቷል። ስልኩ ላይ ያፈጠጠው ተሳፋሪ ግን ዓይኑ «ቆመሃል» ይለዋል፣ ጆሮው «እየዞርክ ነው» ይለዋል። ምስክሮች ሲጣሉ ሆድ ይከፍላል።

አንዱ ምስክር ሲጠፋ

እስካሁን ያወራሁት ስለ ጤነኛ ሰው ነው። ወደ ዋናው ነገር የምመጣው አሁን ነው። ሦስቱ እንዲህ ስለሚደጋገፉ አንዱ ሲጠፋ ሁለቱ ይሸፍኑለታል። ጥቅሙ ግልጽ ነው። ችግሩ ደግሞ ሕመሙ መደበቁ ነው። በጠራራ ፀሐይ፣ በሲሚንቶ ወለል ላይ ተራምዶ ወደ ምርመራ ክፍላችን የገባ ሰው ደኅና ይመስላል። ማታ፣ በጭቃ ላይ፣ ለሽንት ሲወጣ ይወድቃል።

ኢያን ዋተርማን የተባለ እንግሊዛዊ በ1971 እ.ኤ.አ.፣ በ19 ዓመቱ ታሞ ከአንገቱ በታች የመዳሰስና የአካሉን አቋም የማወቅ ስሜቱን አጣ። ጡንቻው አልደከመም፤ ትእዛዝ የሚያስተላልፉት ነርቮች ደኅና ነበሩ። ግን መቆም አልቻለም። ከወራት ልምምድ በኋላ እግሩንና እጁን በዓይኑ እየተከታተለ እንደገና መራመድ ተማረ። መብራት ድንገት ከጠፋ ግን ይወድቅ ነበር። ሐኪሙ ጆናታን ኮል ታሪኩን በመጽሐፍ ጽፎታል።

ሁለተኛው ታሪክ ለእኛ ለሐኪሞች የበለጠ ይቀርባል። በ1952 እ.ኤ.አ. አንድ አሜሪካዊ ሐኪም በስትሬፕቶማይሲን ታክሞ ከዳነ በኋላ የራሱን ሁኔታ በሕክምና መጽሔት ላይ ጻፈ። መድኃኒቱ በሁለቱም ጆሮዎቹ ያለውን የሚዛን አካል አጥፍቶት ነበር። አልጋው ላይ ሆኖ ሲያነብ የልብ ትርታው ጭንቅላቱን ስለሚነቀንቀው ፊደሉ ይዘልበት ነበር፤ ለማንበብ ራሱን በአልጋው የብረት ዘንጎች መካከል አስደግፎ መያዝ ነበረበት። ቅድም ወረቀት ይዛችሁ የሞከራችሁት ሪፍሌክስ ሲጠፋ እንዲህ ይሆናል።

ይህ የሩቅ አገር ታሪክ ብቻ አይደለም። መድኃኒት ለተላመደ ቲቢ በአገራችንም ለዓመታት ካናማይሲንና ካፕሪዮማይሲን በመርፌ ተሰጥተዋል። የዓለም ጤና ድርጅት ከ2018 እ.ኤ.አ. ወዲህ እነዚህን ሁለቱን እንዳንጠቀም፣ በሚዋጡ መድኃኒቶች እንድንተካ መክሯል። ጄንታማይሲን ግን አሁንም በየዋርዳችን አለ። ሕይወት ያድናል፤ «አትስጡት» የሚል ከእኔ አትሰሙም። ማወቅ ያለብን ጄንታማይሲን ከመስሚያው ይልቅ የሚዛኑን አካል አብልጦ እንደሚጎዳ ነው። ስለዚህ ታካሚው ደኅና ሊሰማ ይችላል፤ የመስማት ምርመራው ምንም ላያሳይ ይችላል። ከዚህ ሁሉ የሚከፋው ሁለቱ ጆሮዎች እኩል ሲጎዱ ምንም ነገር የማይዞርበት መሆኑ ነው። ማዞር የሚመጣው ግራና ቀኝ ሲለያዩ ነው። ሰውየው «ያዞረኛል» አይልም። «ስሄድ የሰው ፊት ይንቀጠቀጥብኛል፤ ማታ ማታ መሬቱ ይከዳኛል» ነው የሚለው። ይህን ንግግር ካላወቅነው የጭንቀት ነው ብለን እንሸኘዋለን።

የእግርን ምስክር የሚያጠፉትም በየቀኑ የምናያቸው ናቸው፦ የስኳር በሽታ፣ የቫይታሚን ቢ 12 እጥረት፣ መጠጥ፣ የሥጋ ደዌ፣ ያለ ቢ 6 የተወሰደ አይሶናያዚድ። ጫማው ከእግሩ ወልቆ ሳያውቀው የሄደ ሰው አጋጥሟችሁ ከሆነ ያንን አይታችኋል።

ያለ ማሽን የሚሠራ ምርመራ

በዋጫም በቦንጋም ስሠራ የሚዛን መመርመሪያ ማሽን ኖሮኝ አያውቅም። ብዙዎቻችሁም የላችሁም። ጥያቄና ዓይን ግን አለን።

መጀመሪያ ጥያቄው። በአማርኛ «ራሴን ያዞረኛል» የሚለው ቃል ብዙ በሽታ ይሸከማል። ስለዚህ፣ «እማማ፣ ቤቱ ነው የሚዞርብዎት? ወይስ ሲነሱ ዓይንዎ ይጨልማል? ወይስ ሲራመዱ ሊጥልዎት ይላል?» ብሎ መለየት ነው። ቀጥሎ፣ «ማታ ይብስብዎታል? ፊትዎን ሲታጠቡ ያንገዳግድዎታል? ነጠላ ጫማዎ ሳያውቁት ይወልቃል? መሬቱ እንደ ጥጥ ይሆንብዎታል?» የፊት መታጠቡን ነገር ያለ ምክንያት አላነሳሁትም። ፊቱን የሚታጠብ ሰው ዓይኑን ይጨፍናል፣ ጎንበስም ይላል።

ጀርመናዊው ሐኪም ሞሪትስ ሮምበርግ በ19ኛው ክፍለ ዘመን አጋማሽ የገለጸው ምርመራ የቆመው በዚሁ ላይ ነው። ታካሚው እግሩን ገጥሞ ይቆማል፤ መጀመሪያ ዓይኑን ከፍቶ፣ ከዚያ ጨፍኖ። እናንተ አጠገቡ ሁናችሁ እጃችሁን ለመያዝ አዘጋጁ። ሲከፍት ቆሞ ሲጨፍን ከወደቀ፣ ዓይን እየሸፈነ ያኖረው ጉድለት አለ ማለት ነው። ብዙ ተማሪ ይህን «የሴሬቤለም ምርመራ» እያለ ይመልሳል። አይደለም። ሴሬቤለሙ የተጎዳ ሰው ዓይኑን ከፍቶም ይንገዳገዳል።

አሁን ቅድም የጠቀስናቸውን ድርሻዎች አስታውሱ። በጠንካራ ወለል ላይ ከባዱን ሥራ የሚሠራው እግር ስለሆነ፣ ጆሮው የሞተ ሰው ሲሚንቶ ላይ ዓይኑን ጨፍኖ ሊቆም ይችላል። ወፍራም የስፖንጅ ፍራሽ ላይ አቁሙት። እግሩ የሚለው ነገር የማይታመን ሲሆን፣ ዓይኑም ሲጨፈን፣ የሚቀረው ጆሮ ብቻ ነው። እሱም ከሌለ ይወድቃል። አንድ ፍራሽ ሁለቱን በሽታዎች ለመለየት ይረዳል።

እግርን ለመመርመር ደግሞ የታካሚውን ዓይን አስጨፍኖ የእግሩን ጣቶች ጫፍ በጣታችሁ ጫፍ ለአንድ ሁለት ሴኮንድ ቀለል አድርጎ መንካትና «የቱን ነካሁት?» ማለት ነው። መጫንም መኮርኮርም አያስፈልግም።

በመጨረሻም፣ አልጋ ላይ ሲገላበጡ ለጥቂት ሴኮንዶች ቤቱ የሚዞርባቸው ብዙ ናቸው። ከላይ ያልናቸው ደቃቅ ጠጠሮች ከቦታቸው ተነቅለው ወደ አንዱ ግማሽ ቀለበት ሲገቡ የሚመጣ ነው፤ ከማዞር መንስኤዎች ሁሉ በጣም የተለመደው እሱ ነው። በዲክስና ሆልፓይክ ምርመራ ይታወቃል፤ ኤፕሊ በተባለው ሐኪም ስም በሚጠራው ዘዴ፣ ራስን በቅደም ተከተል በማዞር፣ ጠጠሮቹ ወደ ቦታቸው ይመለሳሉ። ጥቂት ደቂቃ ይፈጃል፤ ብዙዎቹ በአንድ ወይም በሁለት ጊዜ ይሻላቸዋል። ለወራት የማዞር ክኒን ሲውጡ የቆዩ ሰዎች ያለ መድኃኒት ከአልጋው ተነሥተው ሲሄዱ ማየት ደስ ይላል።

ለግቢያችን ያለኝ ጥያቄ

ጅማ ያስተማረችን ማኅበረሰቡ ውስጥ አስገብታ ነው። በሲ.ቢ.ቲ.ፒ. ቤት ለቤት ስንዞር ሽንት ቤት ቆጥረናል፣ ምንጭ መዝግበናል፣ በቲ.ቲ.ፒ. ጊዜም ጤና ጣቢያ ከርመናል። ለመምህራኖቻችን የማቀርበው ልመና ትንሽ ነው። በዚያ መጠይቅ ላይ ሁለት መስመር ይጨመር፦ «ባለፉት 12 ወራት ከዚህ ቤት የወደቀ ሰው አለ? የወደቀው ቀን ነው ማታ?» ተማሪው መልሱን ይዞ ሲመለስ፣ እነዚያን ሰዎች ዓይን አስጨፍኖ ይመርምር። በአንድ ወረዳ ውስጥ ምን ያህል ስኳር፣ ምን ያህል የነርቭ ጉዳት በዚህ በር እንደሚገኝ ያኔ እናያለን።

የእርሻ ምሩቃን፣ የእናንተም ድርሻ አለ። ቀፎ ከዛፍ ጫፍ ወደ ደረት ቁመት በወረደ ቁጥር፣ አከርካሪው ተሰብሮ የሚመጣልን ማር ቆራጭ ይቀንሳል። ኢንጂነሮች ደግሞ ደረጃ ስትሠሩ የእጅ መያዣ አትርሱ፤ የደረጃውን ጠርዝ ከደረጃው በተለየ ቀለም ቀቡት። ለዓይን ምስክርነት የሚረዳ ሥራ ነው። ሁላችንም በየቤታችን ለእናቶቻችንና ለአባቶቻችን ከአልጋ እስከ ሽንት ቤት ባለው መንገድ ላይ አንዲት የፀሐይ መብራት፣ እጅ የሚነካው አንድ አጣና ወይም የተወጠረ ገመድ ልናኖር እንችላለን። ለመደገፊያ ባይበቃ እንኳ ለመንካት ይበቃል፤ ንክኪው ምን እንደሚሠራ ሰምታችኋል።

ወጣት ባልደረቦቼን አንድ ነገር ብቻ አስይዤ ልሰናበት። የወደቀ ሰው ሲመጣላችሁ ስብራቱን አክሙ፤ ከዚያ ከመሸኘታችሁ በፊት አስቁሙትና ዓይኑን አስጨፍኑት። አንድ ደቂቃ ነው። ከእናንተ ጋር ከመብራት በታች ሆኖ ሲንገዳገድ ብታዩት ይሻላል፤ ያለበለዚያ ማንም በሌለበት በሌሊት ነው የሚታወቀው።